ማን ቀበራቸው?

ለእማዬ ፎቶ ስልክላት መልሷ ሁሌም አንድ ነው። «ተባረክ። ከስተሃል፣ ምግብ አትተው» ትለኛለች። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከዌስት ቨርጂኒያ የላክሁላት ፎቶ ግን ሌላ ነገር አስከተለ። ሁለት ቃል ጠየቀችኝ። እነዚያ ሁለት ቃላት ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቀቁኝም። መኪና ስነዳ ይመጡብኛል፣ ዕቃ ሳጥብ ይመጡብኛል፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ ይመጡብኛል። አላስቀምጥ ሲሉኝ ብቻዬን አምስት ሰዓት ነድቼ ወደዚያው አገር ተመለስኩ።

## ድልድዩን ልናይ ነበር

የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። እዚህ አካባቢ ያለን አበሾች ዌስት ቨርጂኒያን የምናውቃት ወይ ቅጠሉ ሲቀላ፣ ወይ ልጆች በረዶ ላይ እንንሸራተት ሲሉ፣ ወይ ጭነት ይዘን ስናልፍ ነው። እኔም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የሄድኩት ለቅጠሉና በስልክ ስናየው ለከረምነው ድልድይ ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሳን። ቴርሞስ ሙሉ ቡና፣ ድፎ ዳቦና ቆሎ ይዘናል። በ66፣ ከዚያ በ81፣ ከዚያ በ64 ሄድን። ከሉዊስበርግ በኋላ ከትልቁ መንገድ ወጥተን በአሮጌው 60 ቁጥር መንገድ ተራራውን ያዝነው።

አገሩ ፋየት ካውንቲ ይባላል። በ1831 የተመሠረተ ገጠር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስሙን የወሰደው ከፈረንሳዊው ጄኔራል ከላፋዬት ነው። መሐሉን ኒው ሪቨር ሰንጥቆት ያልፋል። ስሙ «አዲስ ወንዝ» ቢሆንም በአህጉሩ ካሉት በጣም ጥንታዊ ወንዞች አንዱ ነው ይሉታል፣ ገደሉን ያየ ሰው ደግሞ ይህን ለማመን አይቸገርም። ያንን ገደል በአንድ ዝላይ የሚሻገረው ድልድይ ከውሃው 267 ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል። ርዝመቱ 924 ሜትር ነው። በጥቅምት 1977 ሲከፈት በዓለም ላይ ረጅሙ ባለ አንድ ቅስት ድልድይ ነበር፣ እስከ 2003 ድረስም ያንን ክብር የነጠቀው የለም። ቀለም አልተቀባም። ብረቱ ላይ ላዩን ዝጎ የራሱ ዝገት የሚጠብቀው ዓይነት ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት ሸክላ ይመስላል።

ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ለመሻገር በጠመዝማዛው መንገድ ወርዶ፣ ወንዙን አቋርጦ፣ እንደገና መውጣት ነበር። 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር፤ አሁን አንድ ደቂቃ አይሞላም። እኛ አሮጌውን መንገድ ወረድነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን አባይ በረሃን የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ጆሮ ይደፈናል፣ ሾፌሩ ወሬ ያቆማል። አንደኛው ጓደኛዬ «ዓባይን ያላየ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። ታች ደርሰን ቀና ብለን ድልድዩን ከሥሩ ስናየው ግን ተረቱን ሳይጨርሰው ዝም አለ።

ገደሉ ውስጥ በየቦታው የፈረሱ የከሰል ከተሞች አሉ። ባቡሩ በ1873 ሲደርስ ከሰሉ መውጫ አገኘ፣ ሰውም ከያለበት ጎረፈ። ኬይሙር በ1900 ተከፍቶ በ1962 ተዘጋ። ዛሬ ከማዕድኑ አፍ ወደ ታችኛው ፍርስራሽ የሚወርደው 821 ደረጃዎች ያሉት መሰላል ነው። ተርመንድ የምትባለው የባቡር ከተማ በዘመኗ ሆቴልና ባንክ ነበራት፤ በ2020 ቆጠራ የተገኘባት ሰው 5 ነው። ካውንቲው በሞላ በ1950 ከ80 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፣ አሁን 40 ሺህ ያህል ቀርቷል። ከሰሉ ሄደ፣ ሰው ሄደ፣ ገደሉና ጫካው ቀሩ። በ2020 መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ እኛም እንደ ሌላው ጎብኚ ፎቶ ልናነሳ መጣን።

## ሰሌዳው

ከሰዓት በኋላ ሃውክስ ኔስት ደረስን። አንስተድ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለ ፓርክ ነው። የድንጋይ ግንቡ ላይ ተደግፎ ወደ ታች የሚያይ ሰው ወንዙን ሐይቅ ሆኖ ተኝቶ ያገኘዋል። ግድቡ ይታያል፣ የባቡሩ ድልድይ ይታያል፣ ዙሪያውን የቀላው ቅጠል ውሃው ውስጥ ገብቶ ሁለት እጥፍ ሆኗል። እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ውሃ ካየሁ ቆይቻለሁ። ፎቶ አነሳሁና «እማዬ፣ ይህን ውሃ እይልኝ» ብዬ ላክሁላት።

ጓደኞቼ ወደ መኪናው ሄዱ። እኔ ስከተላቸው መንገድ ዳር የቆመ የታሪክ ሰሌዳ አየሁ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ በየመንገዱ ብዙ አሉ፣ ጠዋት የት ጦርነት እንደተደረገ፣ ማን የት እንደተወለደ የሚሉትን ስንት አልፈን መጥተናል። ይህን ለምን ቆሜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ሰሌዳው በአጭሩ እንዲህ ይላል። የኒው ሪቨርን ውሃ በጎሊ ተራራ ሆድ ውስጥ አሳልፎ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተቆፈረው ዋሻ በግዛቱ ታሪክ ከሁሉ የከፋውን የሥራ ቦታ እልቂት አስከተለ። ከመሬት በታች የሠሩት 3,000 ሰዎች አብዛኞቹ ጥቁሮችና ከሌላ ቦታ ለሥራ የመጡ ነበሩ። በሲሊካ አቧራ መሞታቸው የታመነላቸው 109 ናቸው። የኮንግረሱ ምርመራ ግን ከ1930 እስከ 1935 ድረስ 476 ሞተዋል አለ።

ሁለቱን ቁጥሮች ደጋግሜ አነበብኩ። 109። 476። በመሐላቸው 367 ሰው አለ። 367 ሰው ማለት እኔ ያደግኩበት ሰፈር ነው፣ አባወራው፣ ጎረምሳው፣ ቄሱ፣ ሰካራሙ ሳይቀር። አንዱ ወገን ሞተዋል ይላል፣ ሌላው ወገን አላመነም። ከታች ያለውን ውሃ እንደገና አየሁት። ዛሬም በዚያው ዋሻ ነው የሚያልፈው። ከግድቡ በታች ያለው የወንዙ አልጋ አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይ ብቻ ነው፣ የአገሬው ሰዎች «ደረቁ» ይሉታል። ያ ሁሉ ውሃ ተራራው ውስጥ ነው ያለው።

ጓደኞቼ ጥሩንባ እየነፉ ይጠሩኛል። ስልኬን ሳየው እማዬ ለፎቶው ቀይ ልብ ልካለች። ያን ልብ ሳይ የሆነ ነገር ቆረጠኝ። ያላወቀችውን ነገር እንድትወድ ያደረግኳት መሰለኝ። እዚያው ቆሜ በድምፅ ነገርኳት። «እማዬ፣ ያሳየሁሽ ውሃ ሰው የሞተበት ነው። የሞቱት ደግሞ እንደ እኔ ለሥራ ብለው ከሩቅ የመጡ ናቸው» አልኳት። ቁጥሩንም ነገርኳት።

መልሷ የደረሰኝ መኪና ውስጥ ከተሳፈርን በኋላ ነው። እንዴት ሞቱ አላለችም። ማን ገደላቸው፣ ካሳ ተከፈለ ወይ አላለችም። ድምፅዋ እኔው አጠገብ ያለች ያህል ጥርት ብሎ መጣ።

«ማን ቀበራቸው?»

ጓደኞቼም ሰሙት። ማንም አልተናገረም። እማዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰፈራችን እድር አባል ናት፣ ብዙውን ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበረች። ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የምታስበው ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ንፍሮውን፣ ጉድጓዱን ማን እንደሚቆፍር ነው። ለእሷ ጥያቄው የሥራ ጥያቄ ነው። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ሰሌዳው ስለዚያ ምንም አይልም።

## አቧራው

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ለሳምንታት ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ሥራው የተጀመረው በ1930 ነው፣ ሥራ ከአሜሪካ ምድር የጠፋበት ዘመን። ዩኒየን ካርባይድ የሚባለው ኩባንያ ለብረት ማቅለጫው ኤሌክትሪክ ፈለገ። ወንዙን በግድብ አቁሞ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተራራውን አሻግሮ ከታች ተርባይን ላይ ሊጥለው አሰበ። ቁፋሮውን ራይንሃርት ኤንድ ዴኒስ ለሚባል የቨርጂኒያ ተቋራጭ ሰጠ። ወሬው በደቡብ ግዛቶች ተሰማ። ሰዎች በባቡር መጡ። ከመሬት በታች ከሠሩት አራት ሰዎች ሦስቱ ጥቁሮች ነበሩ።

ተራራው ውስጥ ያገኙት ድንጋይ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሲሊካ ሆነ። ሲሊካ ደግሞ ማቅለጫው የሚፈልገው ጥሬ ዕቃ ነው፣ ስለዚህ ዋሻው እንዲሰፋ ተደረገ። ድንጋዩ በደረቁ ይሰረሰር ነበር። በውሃ እያራሱ መሰርሰር አቧራውን ይቀንሳል፣ ሥራውን ግን ያዘገያል። ጭንብልም በዚያ ዘመን ያልታወቀ ነገር አልነበረም፤ ለፍተሻ የሚገቡት መሐንዲሶች አድርገው እንደሚገቡ ሠራተኞቹ ኋላ መስክረዋል። አቧራው እንደ ዱቄት የላመ ነው። ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ አይወጣም፣ ሳንባው ዙሪያውን ጠባሳ ይሠራበታል፣ ጠባሳው ሲበዛ አየር ቦታ ያጣል። ሲሊኮሲስ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ለመግደል ብዙ ዓመት የሚፈጅ በሽታ ነው። እዚህ ግን በወራት ውስጥ ጎልማሶች መተኛት ጀመሩ። የሳንባ ምች ነው ተባለ።

ከሁሉ የገረመኝ ነገር ይህ ነው። ከዋሻው የወጡት ሰዎች ሲመሰክሩ፣ በፈረቃው መጨረሻ ጥቁሩና ነጩ አይለይም ነበር አሉ። ሁሉም ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ነጭ ሆኖ ይወጣል። ልጅ ሆኜ ወፍጮ ቤት ስላክ ባለ ወፍጮው ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ሲስቅልኝ ያየሁት ትዝ አለኝ። ዋሻው ውስጥ አንድ ዓይነት ነበሩ። ካሳው ሲመጣ ግን ለጥቁሩና ለነጩ የተመደበው ገንዘብ ተለያየ። ሲሞቱም የሚቀበሩበት ቦታ ተለያየ።

ስለ ኤማ ጆንስ ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። የጎሊ ብሪጅ አካባቢ ሴት ናት፣ ነጭ ናት። ባሏና ሦስት ልጆቿ ዋሻው ውስጥ ሠርተዋል። ሦስቱም ልጆች ሞቱ። ታናሽየው ሸርሊ ገና ጎረምሳ ነበር። ሊሞት ሲል እናቱን አደራ አላት፤ ስሞት ይክፈቱኝና የገደለኝ አቧራው መሆኑን ይዩ፣ እኛ ካለቅን የምትኖሪበት የለሽምና ካሳ ጠይቂበት አላት። ለራጅ የሚከፈለውን ገንዘብ መንገድ ዳር ወጥታ ለምና አገኘች። ወደ ፍርድ ቤት ከሄዱት የመጀመሪያዎቹ መካከል እነሱ ናቸው። ይህን ለእማዬ በስልክ ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አደራውን ተወጣችለት» አለችኝ። ቀጥላም «የእሷን ልጆች እሷ ቀበረች። እነዚያ ጥቁሮቹስ?» አለች። አልረሳችውም።

## የበቆሎ አገዳ

አገኘሁት። ካገኘሁት በኋላ ለመናገር ቀናት ፈጀብኝ።

ከሩቅ መጥተው ለሞቱት ጥቁሮች በአካባቢው በነበረው የነጮች መቃብር ቦታ ስፍራ አልነበራቸውም። ስለዚህ ተቋራጩ በጎረቤት ካውንቲ፣ ሳመርስቪል ካለ አንድ ቀባሪ ጋር ተዋዋለ። ቀባሪው አስከሬኖቹን እየወሰደ በእናቱ እርሻ ላይ ቀበራቸው። በ1936 በኮንግረሱ ፊት በተሰጠ ምስክርነት በዚያ እርሻ 169 ሰዎች እንደተቀበሩ ተነግሯል። የመቃብር ድንጋይ አልነበራቸውም። ከመቃብራቸው በላይ የቆመው የበቆሎ አገዳ ነበር።

የበቆሎ አገዳ። ይህን የሚያነብ አሜሪካዊ ምን እንደሚታየው አላውቅም፣ እኔ ግን አገዳ እየመጠጥኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከአጨዳ በኋላ ከብት የሚለቀቅበት ማሳ ነው የታየኝ። በዚያ ላይ ማን ቆሞ «ወንድሜን» ይላል? እናቱ ጆርጂያ ወይም ካሮላይና ሆና ደብዳቤ ስትጠብቅ ልጇ ሌላ ሰው እርሻ ውስጥ ነው። ምናልባትም ገንዘብ አገኘና ረሳኝ ብላ አዝናበታለች። ታመው ወደየአገራቸው ተመልሰው የሞቱትን ደግሞ የቆጠረ የለም። በ1980ዎቹ ጉዳዩን ያጠና አንድ ሐኪም ቢያንስ 764 ሰው ሞቷል ብሎ የገመተው ይህን ሁሉ አስቦ ነው።

እዚህ አገር የምንኖር ሰዎች ይህ ፍርሃት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ጮክ ብለን አናወራውም እንጂ እድር የምንገባው ለዚህ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ሌሊት ተኝቶ አልነቃም። እዚህ ዘመድ አልነበረውም። በሁለት ቀን ውስጥ የማያውቁት ሰዎች ሳይቀሩ ገንዘብ አዋጡ፣ አንዲት እናት እንጀራ ጋግረው መጡ፣ አስከሬኑ በሳምንቱ አገሩ ገባ። ያኔ ሰልፍ ይዤ ሃምሳ ዶላር ስሰጥ ያሰብኩት ስለ እሱ ብቻ አልነበረም። ስለ ራሴም ነበር። የዋሻው ሰዎች ይህን የሚያደርግላቸው ሰው አልነበረም። ወይም የነበሩት ሰዎች አብረዋቸው እዚያው እያሳሉ ነበር።

ከዚህ የሚቀጥለው ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። በ1972 በሳመርስቪል የሚያልፈውን 19 ቁጥር መንገድ ሊያሰፉት መጡ። እርሻው መንገዱ ላይ ነበር። መቃብሮቹ ተቆፈሩ፣ የተገኘው አጥንት በትናንሽ ሳጥን እየተደረገ ሳመርስቪል ሐይቅ አጠገብ ወዳለ ጫካ ተወሰደ። ካርታውን ከፈትኩ። ያ መንገድ በቀጥታ ወደ ደቡብ ወርዶ ኒው ሪቨር ገደል ላይ ይደርሳል። ድልድዩ የተሠራው ለእሱ ነው። 267 ሜትር ብለን አንገታችንን ሰብረን ያየነው ድልድይ የ19 ቁጥር መንገድ ድልድይ ነው።

እኛ ደግሞ ያን ቀን የተመለስነው በዚያው መንገድ ነበር። መኪናውን የሚነዳው ጓደኛዬ በሰሜን በኩል መንገዱ ይሻላል አለን። ሳመርስቪል ላይ ነዳጅ ቀዳን፣ ዶሮ በላን፣ የእማዬን ጥያቄ ኪሴ ውስጥ ይዤ በመልሱ ላይ አለፍኩ። ኋላ ወንበር ላይ ተኝቼ ነበር።

## ዘጠነኛው ጎዳና

ስለዚህ ካውንቲ ሳነብ ያልጠበቅኩት ሰው አገኘሁ። ካርተር ዉድሰን። በዲሲ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ቤቱ አለ፣ ቁጥሩ 1538 ነው፣ ከምግብ ቤቶቻችን ጥቂት ብሎክ ወረድ ብሎ። ሐውልቱም እዚያው ሦስት ማዕዘን በሆነች ትንሽ መናፈሻ ውስጥ ተቀምጧል። ክትፎ በልቼ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ልጆቻችን በየካቲት ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት የጥቁሮች ታሪክ ወር መነሻው እሱ በ1926 የጀመረው ሳምንት ነው።

ይህ ሰው ሃርቫርድ ከመግባቱ በፊት በፋየት ካውንቲ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሠርቷል። ናትልበርግ በሚባለው ሰፈር ኦሊቨር ጆንስ የሚባል ከሰል ቆፋሪ ነበር። በእርስ በርሱ ጦርነት የተዋጋ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ነው። ማታ ማታ ቤቱን ለሠራተኞች ይከፍታል፣ ፍራፍሬና አይስክሬም ይሸጣል። መጽሐፍና ጋዜጣ ግን ይሰበስባል። ወጣቱ ዉድሰን ጋዜጣውን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ባርነቱ፣ ስላዩት ሁሉ ይነግሩታል። የታሪክ ፍቅሩ የጠለቀው እዚያ ቤት እንደሆነ እሱ ራሱ ተናግሯል። በ1898 ደግሞ ዊኖና በምትባለው የዚያው ካውንቲ መንደር አስተማሪ ሆኖ ተመልሷል።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንላለን። ጆንስ ማንበብ ሳይችል የተናገረ ሰው ነው፣ የሚሰማውም አገኘ። የዋሻው ሰዎች ከዚያ ቤት ብዙም ሳይርቁ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው ያለቁት። አንዳንዶቹ ለኮንግረስ ተናግረዋል። ከእርሻው በታች የነበሩት ግን የሚናገሩበት ትንፋሽ አልተረፈላቸውም።

## ሁለተኛው ጉዞ

ሚያዝያ ላይ ብቻዬን ሄድኩ። ሳመርስቪል ስደርስ ስልኬ መንገዱን በደንብ አላሳይ ስላለኝ አንድ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ጠየቅሁ። ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። መቃብሩን እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ማን እንደተቀበረበት አያውቁ ይሆናል ብዬ ስለ ዋሻው፣ ስለ አቧራው ማስረዳት ጀመርኩ። እስክጨርስ ታገሱኝ። ከዚያ ቱቦውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ከሰል ቆፍሬያለሁ፣ አጎቴ ደግሞ ዋሻው ውስጥ ሠርቶ ነው የሞተው አሉኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። አፈርኩ። እሳቸው ግን ደስ ያላቸው መሰለኝ። ወረቀት አምጥተው መንገዱን በእጃቸው ሣሉልኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ለዚህ ብለህ ነው የመጣኸው? አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም።

ቦታው ዊፐርዊል ይባላል፣ ሌሊት የምትጮህ ወፍ ስም ነው። ዛፍ መሐል ያለች ትንሽ ገላጣ ናት። ለብዙ ዓመት ተረስታ የቆሻሻ መጣያ ሆና ነበር። የአካባቢው ሰዎች ጠርገው፣ ተከራክረውላት፣ በ2012 መታሰቢያ ሆነች። እነዚህ ሰዎች ዘመድ አልነበሩም። ይህን ለእማዬ ደጋግሜ ነው የነገርኳት፣ እሷም ደጋግማ ነው የጠየቀችኝ። መሬቱ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ይላል። አፈር ከሰው በላይ ሲቀመጥ እንዲህ ነው የሚሆነው። ጉድጓዶቹ አጫጭር ናቸው፣ ያ የትንሽ ሳጥኑ ልክ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስም ያለበት አላየሁም።

ለእማዬ በቪዲዮ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል። ስልኩን ወደ መሬቱ አዞርኩት። ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ ራሷ ላይ አደረገች፣ ከተቀመጠችበትም ተነሳች። እኔ ልናገር ስል በእጇ ዝም በል አለችኝ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ አይሰማም። ከወፎቹ በስተቀር እኔም ጋ ድምፅ አልነበረም። ከዛፉ ማዶ 19 ቁጥር መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍ ከሩቅ ይሰማል።

ስትጨርስ «ስማቸውስ?» አለችኝ። የለም አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና መስመሩ ተቋረጠ።

ሰኔ ላይ የአባቴ ሙት ዓመት ነበር። እማዬ ለጸሎት የሚታሰቡትን ስም በወረቀት ጽፋ ለቄሱ ትሰጣለች፣ በየዓመቱ የምታደርገው ነው። አባቴ፣ አያቶቼ፣ ሕፃን ሆና የሞተችው እህቴ። ከዋዜማው በፊት በነበረው ማታ ደወለችልኝ። «ለአባ ነግሬያቸዋለሁ» አለችኝ። «ስመ ክርስትናቸውን ብለው ጠየቁኝ። ‹አላውቀውም፣ እግዜር ያውቀዋል፣ እርስዎ ብዛታቸውን ያንብቡልኝ› አልኳቸው። እሺ ብለውኛል። አንተ ግን ሦስት ዓይነት ቁጥር ነው የነገርከኝ። የቱን ልጻፍ?»

እስክሪብቶው እጇ ላይ እንዳለ ታወቀኝ።

«ትልቁን ጻፊ» አልኳት።